የጋላክቲካ አጋማሽ መዝጊያ ሰውን ለምን አናደደ?

ስለ ባትልስታር ጋላክቲካ፣ ምድርን ፍለጋ በጠፈር ስለሚንከራተቱ ሰዎች ስለሚተርከው የቴሌቪዥን ድራማ፣ «ምድርን አገኟት አይደል? ታዲያ ተመልካቹ ለምን ተቆጣ?» ላልከው፣ ያናደደው መገኘቷ ሳይሆን የተገኘችበት ሁኔታ ነው።

የባትልስታር ጋላክቲካ አራተኛ ሲዝን መሃል ላይ የቆመው እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2008 ነው። መጨረሻውን አስታውሰው፦ መርከቡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይተቃቀፋል፣ ያለቅሳል፣ ይጮኻል። ወዲያው ምድር ላይ ወርደው፣ አዛዡ አዳማ ጎንበስ ብሎ አፈር ይዘግናል፤ የጨረር መለኪያው ጠቅ ጠቅ ይላል። ካሜራው ዝም ባሉት ፊቶች ላይ ቀስ እያለ ያልፍና የፈራረሰ ከተማ ያሳይሃል። አለቀ!

ከዚያ እስከ ጃንዋሪ 16 ቀን 2009 መጠበቅ ነበር፣ ሰባት ወር። የሆሊውድ ጸሐፊዎች አድማም ቀረጻውን አቋርጦት ስለነበር በዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል የሚል ስጋት ነበር። ግማሹ «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተከተልነው?» አለ፤ ሌላው ደግሞ እዚያው ላይ ቢያበቃ ይሻል ነበር ባይ ነው። እኔም፣ እውነት ለመናገር፣ ወደ ሁለተኞቹ አደላለሁ። የዚያን ዝምታ ያህል የከበደኝ ትዕይንት የለም።

አንተ ዕድለኛ ነህ፣ ቀጣዩ ክፍል እጅህ ላይ ነው። ግን ከመተኛትህ በፊት አትክፈተው፤ እሱ ይብሳል።