ዋጋውን ጻፊው፣ ስልኩንም አንሺው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ባህር ዳር ከሀይቁ ዳር ትንሽ ገባ ብላ ያለች አሳ ቤት አለችኝ፣ ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ዱለት፣ ለብለብ እንሰራለን። አንዴ ገብቶ የበላ ሰው ይመለሳል፣ ችግሩ ግን ቤቱን ከሰፈር ሰው ውጪ የሚያውቀው የለም። የእህቴ ልጅ ቲክቶክ ክፈቺ ትለኛለች፣ አንድ ልጅ ደግሞ መጥቶ ብር ከከፈልሽኝ በሳምንት አስር ሺህ ፎሎወር አስገባልሻለሁ አለኝ። ፌስቡክ አለኝ ግን የራሴ ነው የልጆቼ ፎቶ ያለበት። ከየት ልጀምር? ስንት ብርስ ላውጣበት?
ባለ አሳ ቤቷ፣ ከባህር ዳር

መልስ፦ እህቴ ከብሩ ልጀምርልሽ፣ ለዛ ልጅ አንድ ብር እንዳትሰጪው። በሳምንት አስር ሺህ ሰው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከውሸት አካውንት ነው፣ እውነተኛ ሰው ቢሆን እንኳ ባህር ዳር መጥቶ አሳ የሚበላ አይደለም። ጉዳቱ ደግሞ ብሩ ብቻ አይደለም፤ ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ ፖስትሽን ለብዙ ሰው የሚያደርሱት መጀመሪያ ያዩት ሰዎች ቆም ብለው ሲያዩት፣ ኮሜንት ሲያደርጉ፣ ሼር ሲያደርጉ ነው፣ የውሸት ተከታይ ይሄን ስለማያደርግ ፔጅሽ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ የሚያየው ሰው ያጣል።

አሁን ወደ ስራው። መጀመሪያ ማን እንዲመጣልሽ እንደምትፈልጊ ለይ። ለምሳ የሚመጣው የቢሮ ሰራተኛ አለ፣ የዩኒቨርሲቲው የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪ አለ፣ ከአዲስ አበባ ለሰርግ ወይ ለስብሰባ የመጣ እንግዳ አለ። እንግዳው የትኛው ቤት አሳ እንደሚጣፍጥ አያውቅም፣ ስልኩን አውጥቶ ጉግል ማፕ ላይ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ከቲክቶክም በፊት ቤትሽን እዛ አስመዝግቢ። በነጻ ነው፣ ስም፣ ስልክ፣ የምትከፍቺበት ሰዓትና ጥቂት ፎቶ ነው የሚፈልገው፣ ቤቱ የአንቺ መሆኑን ማረጋገጫም ይጠይቅሻል። በልተው ደስ ብሏቸው የሚወጡትን ሰዎች እዛው ላይ አስተያየት እንዲጽፉልሽ ጠይቂያቸው፣ አያሳፍሩሽም፣ አትፈሪ።

ፌስቡኩን በተመለከተ የልጆችሽን ፎቶ ከንግድ ጋር አትቀላቅይ። በዛው አካውንትሽ ላይ ሆነሽ ለቤቱ ፔጅ ክፈቺ፣ የግል አካውንት ከ5,000 ጓደኛ በላይ አይቀበልም ፔጅ ግን እንደዛ ገደብ የለውም፣ ደግሞ የእህትሽ ልጅ ፓስወርድሽን ሳታውቅ አብራሽ ልትሰራበት ትችላለች። ቲክቶኩንም ለእሷ ስጪያት፣ ወጣት ያለው እዛ ነው። ቴሌግራም ቻናል ደግሞ ለቋሚ ደንበኛ ጥሩ ነው፣ ጠዋት ዛሬ ምን አሳ እንደገባ ጽፈሽ ትለቂያለሽ በቃ። ግን ሶስቱንም በአንድ ቀን ከፍተሽ ሶስቱንም ከምትረሺ አንዱን በደንብ ያዢ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

አሁን ከልቤ የምነግርሽ ነገር፣ እባክሽ ዋጋውን ጻፊ! ሀገራችን ላይ ስንት ቆንጆ ፎቶ ይለጠፍና ስር ሰው "ስንት ነው?" ሲል "ኢንቦክስ ያድርጉ" ይባላል። ሰው ምን ያስባል መሰለሽ፣ ዋጋው እንደ ሰው ፊት የሚለያይ ይመስለዋል፣ ወይ ኪሴ አይችለውም ብሎ ያልፋል። ሙሉ ጥብስ ይሄን ያህል፣ ጉላሽ ይሄን ያህል፣ ሰፈሩ እዚህ ጋ፣ ስልኩ ይሄ፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ብለሽ በግልጽ አስቀምጪ፣ ዋጋ ሲጨምር ደግሞ የድሮውን ፖስት አርሚው፣ በድሮ ዋጋ መጥቶ አዲስ ዋጋ የተጠየቀ ሰው አይመለስም። ተማሪ በተለይ ብሩን ቆጥሮ ነው የሚወጣው፣ ዋጋውን ካየ አራት ሆኖ ይመጣል። እና ሰው ሲጽፍልሽ መልሺ፣ ሲደውል አንሺ። ለምሳ ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ ብሎ ጠዋት የጠየቀን ሰው ማታ ብትመልሺለት ሌላ ቤት በልቶ አድሯል።

ቪዲዮ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ጠዋት ታንኳው ሲደርስ፣ ቀረሶውና አምባዛው ሲራገፍ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሲጠበስ ድምጹ ሳይቀር በስልክ ቀርጸሽ ልቀቂው፣ ብርሃን ባለበት ይሁን፣ ስልኩን ቁም አድርገሽ ያዢ፣ ሌንሱን ጥረጊው (ዘይት የነካው ጣት ያበላሸዋል)። ከሌላ ቦታ የወረደ የሚያምር ፎቶ ግን በጭራሽ አትለጥፊ፣ ሳህኑ ሲመጣ ካልተመሳሰለ ተዋረድሽ ማለት ነው። አሳ አጥማጆቹን ስትቀርጪ ፈቃድ ጠይቂ። ጾም ሲገባ፣ በተለይ በዓቢይ ጾም 55ቱ ቀን፣ አሳ የሚበላም የማይበላም ስላለ ከሰው ጋር ክርክር አትግቢ፣ ሽሮም ፍርፍርም ካለሽ እሱንም አብረሽ አሳዪ።

ቡስት የሚባለውን፣ ማለትም ብር ከፍሎ ፖስትን ለብዙ ሰው ማሳየቱን፣ ለጊዜው ተዪው። ለፌስቡክ በቀጥታ ለመክፈል በውጭ ምንዛሪ የሚሰራ ካርድ ይፈልጋል፣ በሰው በኩል ስታስከፍዪ ደግሞ ፔጁን አሳልፈሽ እንዳትሰጪ። "ፔጅሽ ሊዘጋ ነው ይሄን ሊንክ ንኪ" የሚል መልእክት ከመጣ አትንኪው፣ ሌባ ነው። ሰው በስልክ አዝዞ የቴሌብር ስክሪንሾት ሲልክልሽም ብሩ መግባቱን ከራስሽ ስልክ ላይ ሳታዪ ምግቡን አትላኪ።

አንድ ነገር ደግሞ የእኛ ሀገር ሰው ሊረሳው አይገባም። 2015 መጨረሻ ላይ አማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ስንቱ ነጋዴ ከደንበኛው እንደተቆራረጠ ታውቂያለሽ። የቋሚ ደንበኞችሽን ስልክ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ፣ ደብተር ላይ ጻፊ። ዳታ ባይኖርም መደወልና ሜሴጅ መላክ ከቻልሽ ሱቅሽ አልተዘጋም።

ጥያቄ፦ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ሰው የማመላልስበት ጀልባ አለኝ። ፖስት ሳደርግ በእንግሊዝኛ ነው በአማርኛ? ገዳማቱ ውስጥ የምቀርጸውንስ?
ባለ ጀልባው፣ ከጣና ዳር

መልስ፦ ወንድሜ በአማርኛ ጀምር፣ የሀገር ውስጥ እንግዳ የሚጠይቅህን አስብና መልስለት፣ እንግሊዝኛውን ስር ላይ አጠር አድርገህ ጨምር። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በሰው? የገዳሙን መግቢያ ይጨምራል? ስንት ሰዓት ተነስቶ ስንት ሰዓት ይመለሳል? ከሁሉም በላይ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባባቸው አስቀድመህ ጻፍ፣ ቤተሰብ ይዞ መጥቶ ደጅ ላይ ሚስቱን ትቶ የሚገባ ሰው ምን ያህል እንደሚከፋው አስበው። ለእነሱ ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አሳያቸው፣ እዛ ሴትም ይገባል።

ውስጥ ለመቅረጽ መጀመሪያ አባቶችን ጠይቅ፣ አይሆንም ካሉህ አይሆንም ነው፣ ሀይቁና የዘጌ የቡና ጫካ ራሱ በቂ ቪዲዮ ይሆንሃል። ፎቶ ስታነሳ ተሳፋሪዎችህ የህይወት አድን ጃኬት ለብሰው ይታዩ፣ ልጅ ይዞ የሚመጣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያየው እሱን ነው።