አምባሩ ለምን አልገጥም አለ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጥር ላይ እህቴ ታገባለች። ለሷና ለሦስት ሚዜዎቿ የዶቃ አምባርና የአንገት ጌጥ በእጄ ልሠራ ተነሥቻለሁ። የእህቴን የእጅ አንጓ ስለካው 16 ሴንቲሜትር ሆነ። አንድ ሴንቲ ጨምሬ ባለ 8 ሚሊሜትር ዶቃ ከነመቆለፊያው በ17 ሠራሁላት። ስታደርገው ግን ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ። ጥፋቱ የሜትሬ ነው ወይስ የኔ?
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። ሜትርሽም አንቺም ጥፋት የለባችሁም፤ ነገሩ የዶቃው ውፍረት ነው። በቀሚስ ላይ ሁለቴ የሚዞር መቀነት ጋቢ ደርበሽ ብትታጠቂው አያጥርሽም? ይኸውም እንደዚያው ነው። ክሩ የሚያልፈው በዶቃው መሐል ስለሆነ የዶቃው ግማሽ ወደ ሥጋ ይገባል። አምባሩ ሲዘጋ የውስጡ ዙር የዶቃውን ውፍረት ሦስት እጥፍና ትንሽ ትርፍ ያህል ይቀንሳል። ባለ 8 ሚሊሜትሩ 2.5 ሴንቲ ገደማ በልቶብሻል፤ 17 ያልሽው ለእህትሽ 14.5 ሆኖ ደረሳት።

ስለዚህ 16 ላይ 2.5 ጨምሪ፤ እጇ እንዳይታፈን ደግሞ ግማሽ ሴንቲ፤ 19 ይሆናል። መቆለፊያው ከነቀለበቱ 1.5 ከወሰደ ለዶቃ 17.5 ይተርፋል፤ ማለትም 22 ዶቃ። በባለ 4 ሚሊሜትር ደቃቅ ጨሌ ብትሠሪው ኖሮ የሚበላብሽ 1.3 ያህል ብቻ ስለሆነ ከ18 ትንሽ ያነሰ ይበቃሽ ነበር። (ጨሌ ስል የውቃቢውን እንዳይመስልብኝ፣ ዶቃ እያልኩ ልቀጥል።)

ታዲያ ሻጩ «8 ነው» ስላለሽ ብቻ አትመኚ። ቅዳሜ ገበያ ከገዛሁት አንድ ክር ውስጥ አንዱ 7፣ አንዱ 9 ሆኖ አግኝቻለሁ፤ በተለይ በእጅ የተሠራ ከሆነ። 10 ዶቃ ክር ላይ ደርድሪና ባንድነት ለክተሽ ለ10 አካፍዪው።

ሚዜዎቹን በስልክ «እጅሽ ስንት ነው?» እያልሽ እንዳትጠይቂ። ሁሉም እጃቸውን ከእውነቱ አቅጥነው ነው የሚነግሩሽ። ራስሽ ሄደሽ ለኪ፣ ደግሞም ወደ ማታ። በኛ አገር ሙቀት ከሰዓት በኋላ እጅ ያብጣል፤ ሚዜ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትጨፍር ነው የምትውለው።

የአንገቱን በቁጥር ሳይሆን በቀሚሱ ወስኚ። ልጅቷ የሠርጉን ቀሚስ ለብሳ ትቁም። ክር ላይ አንድ ከበድ ያለ ዶቃ አንጠልጥለሽ አንገቷ ላይ አድርጊውና በመስታወት እዩት። ዶቃው ጥለቱ ላይ ካረፈ ጥልፉም ዶቃውም አይታዩም፤ ወይ ከጥለቱ በላይ ባዶ አንገት ላይ፣ ወይ ከጥለቱ በታች አውርጂው። ሁለት ረድፍ ካሰብሽ የታችኛውን 5 ሴንቲ ያህል አስረዝሚ፣ አለበለዚያ እርስ በርሱ ይጠላለፋል። እኔ እንደሆነ ጥልፍ የበዛበት ቀሚስ ላይ ሁለት ረድፍ አልወድም።

የክሩ ነገር ደግሞ የኔ ቁስል ነው። አንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ከዘጌ ስንመለስ ጣና በነፋስ ይናወጥ ነበር። የጀልባዋን ጠርዝ ጥርቅም አድርጌ ስይዝ የራሴ አምባር ተበጠሰና ዶቃው በሙሉ በወለሉ ጣውላ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። ምክንያቱ ስስት ነበር፤ ክር ቆጥቤ ቋጠሮውን ጫፉ ላይ አስሬው ኖሯል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን 15 ሴንቲ ትርፍ ተዪ፤ ከቋጠርሽ በኋላም ትርፉን ወዲያው አትቁረጪው፣ ሦስት አራት ዶቃ ውስጥ መልሰሽ አስገቢው። የላስቲክ ክር ከሆነ ዶቃ ሳትሰኪ በፊት ደጋግመሽ ሳቢው፤ የሚለጠጠውን ያህል ከወዲሁ ይለጠጥ።

ለሠርጉ ቀን መርፌ፣ ክርና ጥቂት ትርፍ ዶቃ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። ለእህትሽ እንኳን ደስ ያላት በዪልኝ።