መልስ፦ የካሳ አቤቱታ መጀመሪያ ወዴት ይቀርባል?

«መሬታችን ለመንገድ ሲወሰድ በካሳ ግምቱ ላይ ጌሾውና የውኃ ጉድጓዱ ተዘለሉ፤ በቀጥታ ፍርድ ቤት ልክሰስ?» ላሉት ጠያቂ፦

አይቸኩሉ። በቀጥታ ከከሰሱ ፍሬ ነገሩ ሳይታይ መዝገቡ ሊዘጋብዎት ይችላል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ቅሬታው መጀመሪያ የሚቀርበው ለአቤቱታ ሰሚ አካል ነው፤ ጊዜውም የማስለቀቂያ ትእዛዙ ከደረሰዎት ጀምሮ 30 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፤ የፍርድ ቤት ተራ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ማመልከቻ ጸሐፊዎ ማሻሻያውንም አጠገቡ ይዞ ይጻፍልዎት።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው በቀን ቆጠራ ነው። አጎቴ «ነገ ይምጡ» እየተባለ ሦስት ወር ተመላለሰ፤ አቤት የሚለው ግን በቃል ነበር። በመጨረሻ «ጊዜው አልፏል» ሲባል በእጁ አንዲት ወረቀት አልነበረችም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እርስዎ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ፤ በራስዎ ቅጂ ላይም ቀንና ማኅተም ሳያስመቱ ከመስኮቱ አይነሱ።

ጌሾው ስንት እግር ነው? ጉድጓዱስ ስንት ሜትር ይጠልቃል? ማሽን ገብቶ ከገለበጠው በኋላ ማንም አይቆጥርልዎትም፤ ዛሬውኑ ጎረቤት ባለበት ይቁጠሩ፣ ይለኩ፣ ፎቶ ያንሱ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40(8) ለንብረቱ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፈል ይላል፤ የተዘለለውን ንብረትዎን በስሙና በብዛቱ ዘርዝረው የሚጠይቁትም በዚሁ መብትዎ ነው። ትእዛዙ የደረሰዎት መቼ እንደሆነ ቢነግሩን ቀኑን አብረን እንቆጥራለን።