ፒቲቪው የሽንት ፊኛ ላይ ሲወጣ ይቆረጣል ወይ?

ሰላም ዶክተር። ጥያቄሽን ላላዩት አባላት ባጭሩ ልድገመው። የማህፀን በር ካንሰር ያለባት ታካሚ አለች፤ የውጭ ጨረር ፕላን እየተሠራላት ነው። ፒቲቪው፣ ማለትም ጨረሩ እንዲሸፍነው ከነመጠባበቂያው የተሳለው መስመር፣ ፊኛና አንጀት ላይ ወጥቷል። ፊዚሲስቱ (የጨረር ፕላኑን የሚያሰላው ባለሙያ) «የፊኛው ዶዝ (የጨረር መጠን) ከገደብ አለፈ» ብሎሻል። «ፊኛው ላይ የወጣውን ብቆርጠው ምን ችግር አለው?» ነው ያልሽው።

እኔ ፊዚሲስት ነኝ፤ ነገሩን የማየው ከፕላን ክፍሉ ወንበር ነው። መልሴ አጭር ነው፦ ፒቲቪውን አትንኪው። ሲቲቪውን ግን ደግመሽ እይው።

ፕላኑ ላይ የሚሳሉት ሦስቱ መስመሮች፣ ጂቲቪ፣ ሲቲቪና ፒቲቪ፣ ከተለያየ ቦታ ነው የሚመጡት። ጂቲቪ የሚታየው ወይም በእጅ የሚዳሰሰው ዕጢ ነው። ለማህፀን በር ሲቲ ብቻውን አይበቃም፤ ዕጢውም ጤናማው ሥጋም እኩል ግራጫ ነው የሚመስለው። ቲ2 ኤምአርአይ (ዕጢውን ከጤናማው ሥጋ ለይቶ የሚያሳይ ምስል) ካላት እሱን ደርቢበት። ከሌላት በእጅ ስትመረመር የተሳለው ንድፍ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ካርዱ ውስጥ ፈልጊው። ሲቲቪ ደግሞ በጂቲቪው ላይ የማይታየውን በሽታ የሚጨምር ነው። ካንሰሩ በየት በየት እንደሚሄድ ስለምናውቅ ማህፀን በሩን በሙሉ፣ ማህፀኑን፣ ፓራሜትሪየሙን (ከማህፀን በሩ ጎንና ጎን ያለውን ሥጋ)፣ የብልትን የላይኛ ክፍልና የዳሌ ሊምፍ ኖዶችን እንጨምራለን።

ፒቲቪ ግን ስለ በሽታ ምንም አይናገርም። የታካሚዋ አተኛኘት በየቀኑ ትንሽ ይለያል፣ ማህፀኑም ይንቀሳቀሳል፤ ፒቲቪ የዚህ መጠባበቂያ ነው። ስለዚህ ፊኛው በኩል ስትቆርጪው «ማህፀኑ ወደዚህ አይመጣም» ብለሽ ፈረምሽ ማለት ነው። የሚመጣው ደግሞ በዚያው በኩል ነው! ሲሙሌሽን (ለፕላኑ ሲቲ የሚነሳበት ጊዜ) ላይ ፊኛው ሞልቶ ነበር እንበል። ሕክምናው እየገፋ ሲሄድ ፊኛው ይቆጣና ታካሚዋ ሽንት መያዝ ያቅታታል። ፊኛው ሲጎድል ማህፀኑ ወደ ፊት ይወድቃል፤ ያውም አንዳንዴ በሴንቲ ሜትሮች። የቆረጥሽው ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሌላም ጣጣ አለው። ከቆረጥሽ በኋላ የዶዝ ግራፉ ያምራል። 95 በመቶ ሽፋን ይላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ግን የተሸፈነው የተቆረጠው ፒቲቪ ነው። የዓለም አቀፉ የጨረር መለኪያዎች ኮሚሽን (አይሲአርዩ) ሪፖርት 83 (2010) ይህንን ነው የሚከለክለው፦ ፒቲቪውን ሙሉውን ሳዪ፤ ከፊኛ ጋር የተደራረበውን ለብቻው ክፈዪው፤ እዚያ ዶዝ መቀነስ ግድ ከሆነም ቀንሰሽ በግልጽ መዝግቢው።

ቀድሞ በኮባልት ማሽን፣ ከአራት አቅጣጫ (አራት ፊልድ) በአጥንት ምልክት ሲሠራ ሳጥኑ ሁሉንም ያቅፍ ስለነበር ይህ ጥያቄ ብዙም አይነሳም ነበር። አሁን በአይኤምአርቲ (የጨረሩን ጥንካሬ ከቦታ ቦታ በሚቀያይረው ዘዴ) ዶዙ መስመርሽን ተከትሎ ነው የሚወርደው። መስመሩ ከተሳሳተ የሚያድንሽ የለም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ሲቲቪውን ነው የማየው። ለኖዶች ከደም ሥሮቹ ዙሪያ 7 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ ከዚያ አጥንት፣ ጡንቻና አንጀት ላይ የወጣው ይቆረጣል። ይሄኛው መቆረጥ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ የሰውነት አሠራር ነዋ። ብዙ ጊዜ ፒቲቪው የሚያብጠው ይህ ስለሚረሳ ነው።

ቀጥሎ ለሁሉም አንድ ማርጂን (ከሲቲቪው ዙሪያ የሚጨመር የመጠባበቂያ ስፋት) ሰጥተሽ እንደሆነ እዪ። ኖዶቹ ከአጥንት ጋር ስለሚሄዱ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ሊበቃቸው ይችላል። ማህፀኑ ግን በራሱ ጊዜ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ 15 ሚሊ ሜትር ቢሰጠው ብዙ አይባልም። በየቀኑ ኮን ቢም ሲቲ (ታካሚዋ ሕክምና ማሽኑ ላይ ተኝታ የሚነሳ ሲቲ) የማይነሳበት ክፍል ደግሞ ከውጭ ጽሑፍ የተገለበጠ ጠባብ ማርጂን አይሠራም። ማርጂን የሚሰላበትን የቫን ሄርክን ቀመር ታውቂዋለሽ፦ 2.5 ሲግማ ሲደመር 0.7 ሲግማ፣ የመጀመሪያው የሲስተማቲክ (ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚሄድ)፣ ሁለተኛው የራንደም (በየቀኑ የሚለዋወጥ) ስህተት። ቁጥሮቹ ከራሳችሁ ክፍል ልኬት መምጣት አለባቸው። ቀመሩም ቢሆን የአተኛኘትን ስህተት እንጂ የማህፀንን መንቀሳቀስ በቅጡ አይዝም። ለሱ የሚሻለው በሞላና በባዶ ፊኛ ሁለት ሲቲ አንስቶ አይቲቪ (ማህፀኑ የሚንቀሳቀስበትን ቦታ ሁሉ የሚያቅፍ መስመር) መሥራት ነው። ሁለተኛው ሲቲ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ስለ ፊኛው ገደብ ደግሞ ፊዚሲስቱን «የትኛው ገደብ?» ብለሽ ጠይቂው። 45 ግሬይ (የዶዝ መለኪያ) በ25 ፍራክሽን (ተከፋፍሎ በ25 ጊዜ) ከሆነ ፊኛ በአብዛኛው ይችለዋል። ይልቅ ብራኪቴራፒ (ከውስጥ የሚሰጥ ጨረር) ገና ይጨመርበታል፤ አጠቃላይ ድምሩ ነው የሚያሳስበኝ። ስለዚህ ፊኛና ሬክተም (የአንጀት መጨረሻ) ውስጥ ከታዘዘው ዶዝ 107 በመቶ በላይ የሞቀ ነጥብ (ዶዝ የበዛበት ቦታ) እንዳይኖር አስጠንቅቂው። ይህንን በደንብ ከነገርሽው ፒቲቪውን ሳትነኪ ፕላኑ ሊሻሻል ይችላል።

የታካሚዋን ስም አጥፍተሽ የኖዱን አካባቢ ስላይሶች ላኪልኝ፤ ሲቲቪው የት ጋ እንደሰፋ አብረን እናየዋለን።