«ዝርያ» የሚለው ቃል ለወፍና ለቀንድ አውጣ እኩል ይሠራል?

ጠያቂያችን ዘማሪ ወፍና በወንዝ የሚኖር ቀንድ አውጣ ሁለቱም «ዝርያ» ሲባሉ ቃሉ አንድ ትርጉም አለው ወይ ብለዋል። ለዓመታት ከወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ እየለቀምሁ ለቤተ ሙከራ ሳቀርብ የኖርሁ፣ በዕረፍት ቀኔም ወፍ መመልከት የምወድ ሰው ነኝና፣ መልሴ «እኩል አይሠራም» የሚል ነው።

በትምህርት ቤት የተማርነው፣ ተራክበው መውለድ የሚችል ልጅ የሚያፈሩ እንስሳት አንድ ዝርያ ናቸው የሚለው ትርጉም፣ በወፍ ልክ የተሰፋ ይመስላል። ቺፍቻፍና ዊሎው ዋርብለር የሚባሉት፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው አገራችንም የሚደርሱ ትንንሽ ወፎች፣ 9 ግራም ገደማ የሚመዝኑና በመልክ ለመለየት የሚያስቸግሩ ናቸው። በ18ኛው መቶ ዘመን ጊልበርት ኋይት የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የለያቸው በዜማቸው ነው፤ አንደኛው ሁለት ድምፅ ሲደጋግም ሌላው ከላይ ወደ ታች የሚንቆረቆር ዜማ ያሰማል። ዜማው ተጓዳኝን መለያ በመሆኑ ወሰኑን በአብዛኛው የሚጠብቁት ወፎቹ ራሳቸው ናቸው። (ዝም ሲሉ ግን እኔ እግራቸውን አያለሁ፤ የቺፍቻፍ ጠቆር ይላል።)

ቀንድ አውጣው ዘንድ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። የአንጀት ቢልሃርዚያን ተውሳክ በአካሉ የሚያሳድገው ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ የሚባል ቀንድ አውጣ በአንድ ገላ ወንድም ሴትም ከመሆኑ በላይ፣ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ጎርፍ አንዲቱን ወደ አዲስ ኩሬ ቢወስዳት ብቻዋን ኩሬውን በዘሯ ልትሞላው ትችላለች። ታዲያ ከማን ጋር ተራከበች ተብሎ ነው ዝርያዋ የሚወሰነው?

ስለዚህ ሰው ወደ ቅርፊቱ ይዞራል፤ ቅርፊት ግን እንደሚኖርበት ውኃ መልኩን ይለዋውጣል። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ ከሐይቅና ከፈጣን ጅረት ያመጣኋቸውን በመጠንና በቅርፅ ተለያይተው ስላገኘኋቸው ሁለት ዝርያ ብዬ መዘገብሁ። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ሥጋቸውን ከፍቶ የመራቢያ አካላቸውን ካየ በኋላ ሁለቱንም በአንድ ስም ጠቀለላቸው። ባዮምፋላሪያን የሽንት ቢልሃርዚያን ከሚያሳድገው ቡሊነስ በቅርፊት መለየት ቀላል ነው፤ አንዱ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ሾጠጥ ያለ ነው። የሚያስቸግረው በባዮምፋላሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ናሙና ሲደርሰኝ «ባዮምፋላሪያ» ብዬ ጽፌ፣ የአካል ክፍሉ ወይም የዘረመል ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ድረስ ቀጣዩን፣ ማለትም የዝርያውን ስም፣ ባዶ እተወዋለሁ።