ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ ለወጣት መምህራን

ውድ ወጣት የሙያ ልጆቼ፣

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ የምታስተምሩ ጥቂቶቻችሁ ከኬንያና ከጀርመን መምህራን ጋር የጋራ ፕሮጀክት ልታቅዱ መሆኑን ሰማሁ። በጣም ደስ አለኝ። እኔ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንዲህ ያለውን የትምህርት ቤቶች ልውውጥ አስተባብር ነበር። ከስብሰባው በፊት ልላችሁ የምፈልገው ዋናው ነገር አንድ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። ባዶ እጃችሁን ከገባችሁ የሌላ ሰው ዕቅድ አስፈጻሚ ሆናችሁ ትወጣላችሁ።

ነገሩ ለከተማችን አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች፣ ማለትም የግብፅ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች፣ ነበሩ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጀስዊቶች የሚባሉት የካናዳ ካቶሊክ መነኮሳት መርተውታል። እ.ኤ.አ. በ1962 ፒስ ኮር የሚባለው የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት ወጣቶች መጡ። ህንዶቹንማ ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ ሂሳብ ያስተማራቸውን ህንዳዊ መምህር እስከ ዛሬ የሚያነሱ ብዙ ናቸው። ውለታቸው ትልቅ ነው። ግን ያኔ ዕቅዱም መጽሐፉም አብሮ ከውጭ ይመጣ ነበር። የእኛ ድርሻ መቀበል ብቻ ነበር።

ያ ልማድ አሁንም አለቀቀንም። የውጭ መምህር ሲናገር አንገታችንን እየነቀነቅን «እሺ፣ ችግር የለም» እንላለን። ሻይ ሰዓት ላይ ለብቻችን ስንሆን ነው «ይሄ እኮ እኛ ጋ አይሠራም» የምንባባለው። ይሉኝታ ነው። እንግዳ ማክበር መልካም ነው፤ ግን እነዚህ ሰዎች የሥራ ባልደረቦቻችሁ ናቸው። በይሉኝታ ያለፋችሁት ነገር ከሦስት ወር በኋላ ልጆቹ ላይ ይወድቃል። በክፍላችሁ ስንት ተማሪ እንዳለ፣ በፈረቃ የምታስተምሩ እንደሆነ፣ መብራት ሲሄድ ምን እንደምታደርጉ መጀመሪያውኑ ተናገሩ።

በተለይ የዘመን አቆጣጠሩን ቀድማችሁ ጠረጴዛው ላይ አውጡት። የእኛ ዓመት በመስከረም ይጀምራል። የኬንያ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ነው። እኛ መንፈቀ ዓመቱን ስናጠናቅቅ እነሱ ገና ደብተር ይገዛሉ። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ የበርሊኖቹ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። «ማክሰኞ 3 ሰዓት እንገናኝ» ብላችሁ ብትጽፉ ለእናንተ ጠዋት ነው፣ ለሌላው ግን ከቀትር በኋላ ነው። የሚገርመው ናይሮቢና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው። ኬንያዊቷ መምህርት በስዋሂሊ ስታወራ እንደ እኛው ጠዋት 3 ሰዓት ትላለች። በእንግሊዝኛ ስትጽፍ ነው 9 የሚሆነው። በርሊን ደግሞ በክረምታቸው ከእኛ 2 ሰዓት ወደኋላ ነች፣ በበጋቸው 1 ሰዓት። ለውጡ የሚደረገው በፈረንጆቹ ማርች የመጨረሻ እሑድ ነው፤ የእኛ መጋቢት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ስታፍ ሩም ለጥፉት።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። አብዛኛው የልውውጥ ፕሮጀክት «ባህላችንን እናስተዋውቅ» በሚል ይጀመራል። ልጆቹ ነጠላ ለብሰው ቡና ሲያፈሉ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ ማዶ ያሉትም የራሳቸውን ይልካሉ፣ ይጨበጨባል፣ በቃ። ሁለተኛ ወር ላይ የሚጻጻፍ ልጅ አታገኙም። የሚጠያየቁት ነገር የላቸውማ። ፎቶው አይጥፋ፤ ግን ሥራው እሱ አይሁን።

እኔ ለጀማሪ ሁልጊዜ የምመክረው የጥላ ልኬትን ነው። የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ጫፉ ላይ ጠጠር የታሰረበት ክር፣ ወረቀትና እርሳስ ነው። ቀኑ መጋቢት 12 ይሁን፤ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ሰሞን ነው፣ ፀሐይም ከምድር ወገብ አናት ላይ ትሆናለች። ልጆቹ ዘንጉን ሜዳ ላይ ያቆማሉ። በክሩ እያዩ ቀጥ ማለቱን ያረጋግጣሉ። ከ6 ሰዓት ከሩብ ጀምረው በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ጥላው እያጠረ ይሄዳል፣ ከዚያ ተመልሶ መርዘም ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ በጣም የሚያጥረው በ6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እውነተኛው ቀትር እሱ ነው። እዚህ ላይ ብቻ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ክርክር ይነሳል፤ ተዉአቸው ይከራከሩ።

የእኛ ልጆች ጥላ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ናይሮቢ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ ስለሆነች የእነሱ ጥላ ወደ ደቡብ ነው፤ ርዝመቱም 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የበርሊኖቹ ከዘንጉ ራሱ ይበልጣል፤ 1 ሜትር ከ30 ገደማ። ዘንጉንና ጥላውን በልክ ወረቀት ላይ ስለው፣ የሁለቱን ጫፍ በመስመር አገናኝተው፣ ዘንጉ አናት ላይ ያለውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ሲለኩ ለአዲስ አበባ ወደ 9 ዲግሪ፣ ለናይሮቢ 1 ከምናምን ያገኛሉ። ጥላዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለወደቁ ሁለቱ ይደመራሉ፤ ወደ 10.3 ዲግሪ። የሁለቱ ከተሞች ርቀት በቀጥታ 1,160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 10.3 ዲግሪ ይህን ያህል ከሆነ 360ው ስንት ይሆናል? መልሱ 40,000 ኪሎ ሜትርን ትንሽ ያልፋል። የመሬት ዙሪያ ይኸው ነው! በዘንግና በክር!

የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከ2,200 ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ነው የሠራው፤ በእስክንድርያና በአስዋን መካከል፣ እኛው በምንልከው ዓባይ ዳር። ልጆቻችሁ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን እዩት።

ይህን ሥራ የምወድበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። የአዲስ አበባው ልጅ 16 ሴንቲ ሜትሩን ይዞ ብቻውን የትም አይደርስም። የናይሮቢዋን ልጅ ቁጥር የግድ ይፈልገዋል። ቁጥሯ አልመጣ ሲል ቴሌግራም ላይ ሦስቴ ይጠይቃታል። የመጣው ቁጥር የማይመስል ሲሆን «ዘንጋችሁ ዘንበል ብሎ ይሆን?» ይላታል። ጥያቄው ልክ ነው፤ ዘንጉ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ስህተቱ 2 ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ይችላል፣ ለናይሮቢ ደግሞ ያ የጥላውን ሙሉ ርዝመት ያህላል። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው በእንግሊዝኛ ይጻጻፋሉ። ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ ሲጽፍ አይቻለሁ። ደመና ከሆነ በማግስቱ ድገሙት፤ አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ቢል ብዙ አይጎዳም። እንግዶች በዚያ ሰሞን የሚመጡ ከሆነ ሁዳዴ ላይ ነው፤ ምሳው ሽሮና በያይነቱ እንደሚሆን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ጥያቄው የግድ ሳይንስ መሆን የለበትም። አንድ ጊዜ ከጣሊያን የመጡ መምህራንን ብሔራዊ ሙዚየም ወስደን ድንቅነሽን አሳየናቸው። ስንወጣ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ብንሄድ የየካቲት 12 ሐውልት ጋ ነን። አስጎብኚዋ መምህርት ወደ ታች ልትመልሳቸው ፈለገች፤ እንግዳ እንዳይሸማቀቅ ብላ። አንዷ ጣሊያናዊት ግን ከሩቅ አይታው ምንድን ነው አለች። ሄድን። በ1929 ዓ.ም. በዚህ ከተማ ፋሺስቶች ለሦስት ቀን ያደረጉትን ነገርናት። የተቀረጹትን ምስሎች አንድ በአንድ አየች። ቆይታ «የእናንተ ልጆች ስለዚህ ምን ይማራሉ?» ስትል ጠየቀች። እኛም የእነሱ ልጆች ምን እንደሚማሩ ጠየቅናት። የዚያን ዓመት ፕሮጀክት የወጣው ከዚያ ነው፤ ሁለቱም ክፍሎች የየራሳቸውን የታሪክ መጽሐፍ ገጽ ተረጎሙና ተላላኩ። ከልጆቹ ደብዳቤ የበሰለ ነገር በዚያ ዓመት አላነበብኩም። ከባዱን ነገር ለመሸሽ አትቸኩሉ።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። በመጀመሪያው ስብሰባ የጎደለንን አትዘርዝሩ። ኮምፒውተር የለንም፣ ቤተ ሙከራው ባዶ ነው፣ መጽሐፍ አይበቃም፤ ሁሉም እውነት ነው። ግን ውይይቱ በዚያ ከጀመረ ከዚያ በኋላ የምትነጋገሩት ስለሚላክላችሁ የዕርዳታ ካርቶን ነው። ልጆቹም ይገባቸዋል። እዚያ ማዶ ያለው ልጅ ሰጪ፣ የእኛው ተቀባይ ሆነው ይተዋወቃሉ፤ አንዴ እንደዚያ ከተያዩ በእኩልነት መከራከር አይችሉም። ያገለገለ ላፕቶፕ ቢመጣ ጥሩ ነው፣ አመስግናችሁ ተቀበሉ። ከሥራው በኋላ ይምጣ።

ጉዞ ካለበት ወረቀቱን በጊዜ ጀምሩ። ጀርመንን ጨምሮ ወደ አብዛኛው አውሮፓ የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ጊዜ ይፈጃል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያለ ወላጆቹ የጽሑፍ ፈቃድ አይሄድም። ፓስፖርቱ፣ የፈቃዱ ትርጉም፣ ማረጋገጫው ሁሉም ወረፋ አለው። ይህን ሁሉ አሟልቶ የተከለከለ ልጅ አይቻለሁ። ሻንጣው ተዘጋጅቶ ነበር። ስለዚህ ሥራውን ስትከፋፍሉ ዋናው ልኬት፣ ዋናው ጽሑፍ እዚህ በሚቀሩት ልጆች እጅ ይሁን። የሚሄዱት ሁለትና ሦስት ናቸው፣ የሚቀረው ክፍሉ ሙሉ ነው። ሲመረጡም ውጤት ብቻ አትዩ። የወላጅ ኪስንማ ጭራሽ አትዩ።

ፎቶና ቪዲዮ ከመላካችሁ በፊት ወላጆችን በአማርኛ በተጻፈ ቅጽ አስፈቅዱ። የክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱንም በደብዳቤ አሳውቁ። ከርዕሰ መምህሩ ጋር በቃል ተስማማን ብላችሁ አትቅሩ፤ ርዕሰ መምህር ይቀየራል።

መምህርም ይቀየራል። ብዙ ጥሩ ልውውጥ የጠፋው አስተባባሪው ዝውውር ሲያገኝ ነው፤ የኢሜይሉ ፓስወርድ፣ የአጋሮቹ ስልክ፣ የልጆቹ ሥራ አብሮት ይሄዳል። ከመጀመሪያው ቀን ሁለት ሁኑ። አንዳችሁ የሳይንስ፣ አንዳችሁ የቋንቋ ብትሆኑ ይመረጣል። ደብዳቤዎቹንና ልኬቶቹን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በአንድ ፋይል አስቀምጡ፤ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋም የት እንዳለ ትወቅ።