ስለ ስማርት ፕላግ ጠይቁኝ

ስማርት ፕላግ በግድግዳው ሶኬትና በዕቃው ስፒና መካከል የሚገባ፣ በስልክ ወይም በተሞላለት ሰዓት የሚበራና የሚጠፋ ትንሽ ሳጥን ነው። ቢፈታ ውስጡ ተአምር የለም። ሪሌ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንድ የሬዲዮ ቺፕ፣ ለቺፑ ኃይል የሚመግብ ትንሽ ሰርኪት፤ አለቀ። ሰው ሲገዛ ግን አፑን ያያል፣ ቅርጹን ያያል፣ ሪሌውን አያይም። ችግሩ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሪሌው ነው። የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ዓይነቱ በዛብኝ። ስገዛ መጀመሪያ የማየው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን። እዚያ የአምፒር ቁጥር አለ፤ ብዙ ጊዜ 10፣ 13፣ 15 ወይም 16 ነው። ያንን በቤትህ ቮልት አባዛው። በ230 ቮልት 10 አምፒር ማለት 2300 ዋት ነው፤ 16 አምፒር ደግሞ 3680 ዋት። በ120 ቮልት 15 አምፒር 1800 ዋት ይሆናል። ከዚያ የምትሰካው ዕቃ ላይ የተጻፈውን ዋት አንብብና አወዳድር። ዕቃው ለሰዓታት ሳይቋረጥ የሚሠራ ከሆነ ከጣሪያው 80 በመቶ ባታልፍ ጥሩ ነው። ባለ 10 አምፒሩን በ230 ቮልት 1800 ዋት ገደማ ይበቃዋል ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «16 አምፒር» ተብሎ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እንደ ካውያና የውሃ ማፍያ ላሉ፣ ሙቀት ብቻ ለሚያወጡ ዕቃዎች ነው። ሞተር ላለው ዕቃ የሚፈቀደው ከዚያ ያንሳል። ጨዋ አምራች ይህን ለብቻው ይጽፈዋል። ጭራሽ ቁጥር ያልተጻፈበት ካገኘህ መልሰህ አስቀምጠው።

የደህንነት ምልክቱንም እይ። «ዩኤል» ወይም «ኢቲኤል» ካለ ገለልተኛ ላብራቶሪ ፈትሾታል ማለት ነው። «ሲኢ» የሚለው ግን ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ አምራቹ ራሱ «ደንቡን አሟልቻለሁ» ብሎ የሚለጥፈው ነው። ዋጋ የለውም አልልም፤ ብቻውን ግን አያስተማምንም።

ጥያቄ፦ 2000 ዋት የክፍል ማሞቂያ አለኝ፣ ፕላጉ ደግሞ ባለ 16 አምፒር ነው። ከሥራ ከመመለሴ በፊት ቤቱን እንዲያሞቅልኝ ብሰካው ችግር አለው እንዴ?

መልስ፦ በቁጥር ከሄድን ይችላል። እኔ ግን አልሰካውም፣ አንቺም አትሰኪው። ማሞቂያ ለሰዓታት ሙሉ ኃይሉን ይስባል። ስፒናው ትንሽ ከላላ፣ ወይም የሪሌው መገናኛ ብረት ከቆሸሸ፣ ሙቀቱ እዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል። ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ያለውን ታውቂዋለሽ።

ሁለተኛው ምክንያት የባሰ ነው። የምታበሪው ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው። መጋረጃ ተደግፎበት እንደሆነ፣ ልብስ ወድቆበት እንደሆነ ከስልክሽ አይታይም። የማሞቂያ መመሪያዎች «ግድግዳው ላይ በቀጥታ ሰኩ» የሚሉት ለጌጥ አይደለም። በርቀት ማሞቅ የግድ ካስፈለገሽ ራሱ ዋይፋይና ቴርሞስታት ያለው፣ ሲወድቅም በራሱ የሚጠፋ ማሞቂያ ግዢ። ለውሃ ቦይለር ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ኮንታክተር ይግጠምልሽ። ስማርቱ ኮንታክተሩን ብቻ ያዛል፣ ከባዱን ኮረንቲ የሚሸከመው ኮንታክተሩ ነው።

ጥያቄ፦ የውሃ ፓምፕ 750 ዋት ነው። በፕላግ ጠዋትና ማታ ይበራል ይጠፋል። አሁን አፑ «ጠፍቷል» ይላል፣ ፓምፑ ግን ይሠራል። አፑ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ አፑ የለበትም። የሪሌው ብረቶች ተጣብቀዋል። አሁኑኑ ከሶኬቱ ንቀለው፤ ውሃ ሳይኖር የሚሽከረከር ፓምፕ ራሱን ይጨርሳል።

የሆነው እንዲህ ነው። ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኮረንቲ ይጎትታል። በዚያች ቅጽበት በሪሌው ብረቶች መካከል ብልጭታ ይነሳል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያቀልጣቸዋል፣ አንድ ቀን ተበይደው ይቀራሉ። በወረቀት 750 ዋት ባለ 16 አምፒር ፕላግ ከሚችለው 3680 ዋት በጣም ያነሰ ይመስላል፤ ሲነሳ የሚስበው ግን ሌላ ነው። ፕላጉን ጣለው፣ በምትኩ ኮንታክተር አስገጥም ወይም አምራቹ ለሞተር ስንት እንደሚፈቅድ በግልጽ የጻፈበትን ግዛ።

ኤልኢዲ መብራትም ይህ ጠባይ አለበት። አንድ ሁለቱ ምንም አይሉም። ብዙ አምፖል በአንድ ፕላግ ላይ ሲሰበሰብ ግን በሚበሩበት ቅጽበት የሚስቡት ከዋታቸው ጋር አይመጣጠንም። ፍሪጅን በተመለከተ ደግሞ ማብራት ማጥፋት ትርፉ ምግብ ማበላሸት ነው። ፍጆታውን ለማየት ብቻ ከፈለግህ ሰካው፣ ግን አፑ ላይ የማጥፊያውን ቁልፍ ቆልፍ ወይም ደብቅ።

ጥያቄ፦ ዋይፋይ፣ ዚግቢ፣ ማተር... ግራ ገባኝ። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ሁለት ሦስት ፕላግ ብቻ ከሆነ የምትፈልጊው ዋይፋይ ይበቃሻል። ተጨማሪ ዕቃ አይጠይቅም፤ ከራውተርሽ ጋር ተያይዞ ይሠራል። ቁጥሩ ሲበዛ ግን ርካሽ ራውተሮች መንገዳገድ ይጀምራሉ።

ዚግቢ ከዋይፋይ የተለየ የሬዲዮ ዓይነት ነው፤ ሀብ የሚባል ማዕከል ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ወጪ ይመስላል። ጥቅሙ ከዚያ በኋላ ነው የሚታየው፦ ግድግዳ ላይ የተሰካ እያንዳንዱ የዚግቢ ፕላግ ሲግናል ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል። ቤቱ ጥግ ላይ ያለ ባለ ባትሪ የበር ሴንሰር በፕላጎቹ በኩል እየተቀባበለ ይደርሳል። ስለዚህ የዚግቢ ፕላግን እንደ ማራዘሚያም አስቢው፤ በየጊዜው እየነቀልሽ አታዘዋውሪው፣ በእሱ በኩል ያሉት ሴንሰሮች ይጠፉብሻል። ዚ-ዌቭም አሠራሩ ይመሳሰላል። ልዩነቱ ፍሪኩዌንሲው በየአካባቢው መለያየቱ ነው፤ አውሮፓ 868 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ አሜሪካ 908 አካባቢ። ከአንዱ ገዝተሽ ሌላው ጋር ካለ ሀብ ጋር አይግባባም።

ማተር ደግሞ የሬዲዮ ዓይነት አይደለም፤ የጋራ መግባቢያ ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ነው። ምልክቱ ያለበት ፕላግ ከአፕል፣ ከጉግል፣ ከአማዞንና ከሳምሰንግ ሲስተሞች ጋር ይሠራል፤ ትእዛዙም ቤት ውስጥ ነው የሚያልቀው። «ማተር በትሬድ» የሚል ካየሽ፣ ትሬድ ከዋይፋይ የተለየ ኔትወርክ ስለሆነ ከቤትሽ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ቦርደር ራውተር የሚባል ዕቃ ያስፈልግሻል፤ አንዳንድ ስማርት ስፒከሮች በውስጣቸው አላቸው። የኃይል ፍጆታ ልኬት በማተር ውስጥ የተካተተው በ1.3 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ስለዚህ ማተር ስላለው ብቻ ፍጆታውን በሁሉም አፕ ያሳየኛል ብለሽ አትገምቺ።

የእኔ ምርጫ? ዛሬ ከዜሮ ብጀምር ማተር ያለበትን ዋይፋይ ፕላግ። ቤቱን በሴንሰር ልሞላው ካሰብኩ ዚግቢ።

ጥያቄ፦ አዲሱ ፕላግ ዋይፋዬን ጭራሽ አያገኝም። የተበላሸ ነው የሸጡልኝ?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። አብዛኞቹ ፕላጎች 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚያውቁት። ስልክህ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ከሆነ፣ ወይም ራውተሩ ሁለቱን በአንድ ስም ካደባለቃቸው ትውውቁ ይከሽፋል። ራውተሩ ውስጥ ገብተህ 5ቱን ለጊዜው አጥፋ፣ አገናኝ፣ መልሰህ አብራ። ደብልዩፒኤ3 የሚባለውን አዲሱን የዋይፋይ ጥበቃ ብቻ እንዲቀበል የተደረገ ራውተርም ያስቸግራል፤ 2 እና 3ን አብሮ ወደሚቀበለው ቀይረው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ሄዶ በሌሊት ሲመጣ የሳሎኑ መብራት በራሱ ቦግ ይላል። እኔ ዕድሜዬም ገፍቷል፣ ያስደነግጠኛል።

መልስ፦ እርስዎን የሚያስደነግጥዎ አንድ ሴቲንግ ነው፣ በቀላሉ ይስተካከላል። አፑ ውስጥ ፕላጉን ይክፈቱና ኃይል ሲመለስ ምን ይሁን የሚለውን ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሦስት ምርጫ አለው፦ ጠፍቶ ይቆይ፣ ይብራ፣ ወደነበረበት ይመለስ። ለመብራት «ወደነበረበት» ጥሩ ነው። ለራውተርና ለፍሪጅ «ይብራ»። ለካውያና ለማንኛውም ለሚሞቅ ነገር «ጠፍቶ ይቆይ»፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ይህ ምርጫ የሌለው ፕላግ አለ። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ቤት እንዲህ ያለውን በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ። ሌላም ልጨምርልዎ፦ ብዙዎቹ ባትሪ ስለሌላቸው ኃይል ሲጠፋ ሰዓታቸውን ይረሳሉ። ሲመለስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይወስዳሉ። ኢንተርኔቱ ካልመጣ «12 ሰዓት ላይ አብራ» ያሉት ፕላግ 12 ሰዓት መሆኑን አያውቅም።

ጥያቄ፦ ከቮልቴጅ መዋዠቅስ ያድናል?

መልስ፦ አያድንም። ለዚያ ስታብላይዘርና የሰርጅ መከላከያ አለ።

ጥያቄ፦ ኩባንያው ሰርቨሩን ቢዘጋስ? ፕላጌ የፕላስቲክ ቁራጭ ሆኖ ይቀራል?

መልስ፦ በክላውድ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ አዎ፣ ገላው ላይ ያለው ቁልፍ ብቻ ይቀርሃል። ለዚህ ነው ከመግዛት በፊት «ያለ ኢንተርኔት ይታዘዛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያለብህ። ማተር፣ ዚግቢና ዚ-ዌቭ ቤት ውስጥ ይታዘዛሉ፤ ሀቡ ራሱ ክላውድ ላይ የተንጠለጠለ ካልሆነ። ከዋይፋዮቹ እንደ ሼሊ ያሉ ብራንዶች በቤት ኔትወርክ በቀጥታ ትእዛዝ ይቀበላሉ። ሆም አሲስታንት የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ከጫንክ ሁሉንም በአንድ ቦታ ይይዝልሃል። መልመጃ ጊዜ ይፈልጋል፣ ግን ዋጋው አለው።

ጥያቄ፦ እውነት ግን ኤሌክትሪክ ይቆጥባል?

መልስ፦ እንደምትሰኪው ዕቃ ነው። ፕላጉ ራሱ ከግማሽ እስከ አንድ ዋት ገደማ ይበላል። አንድ ዋት ዓመቱን ሙሉ ማለት 8.76 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አዲስ ቴሌቪዥን በሪሞት ጠፍቶ ሲቀመጥ የሚበላውም ከዚያ ብዙ ላይለይ ይችላል፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለተራ ስታንድባይ ግማሽ ዋት ጣሪያ አስቀምጧል። እንዲህ ላለው ቴሌቪዥን ፕላግ መግዛት አንዱን በላተኛ በሌላ መተካት ነው።

አሮጌ አምፕሊፋየር ወይም ዲኮደር 10 ዋት እየበላ የሚቀመጥ ከሆነ ግን በዓመት 87.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እዚያ ላይ ፕላግ ይክሳል። ፍጆታ የሚለካ ፕላግ አንድ ግዢና በየዕቃው እያዘዋወርሽ ለኪ፤ በግምት ከመከራከር ይሻላል። ከጥቂት ዋት በታች ያለውን ንባብ ግን ብዙ አትመኚው፣ ርካሾቹ እዚያ ላይ ይስታሉ።

ጥያቄ፦ የትኛው ዕቃ በፕላግ እንደሚሠራ በምን ልወቅ?

መልስ፦ ዕቃውን አብራው፣ ስፒናውን ንቀለው፣ መልሰህ ሰካው። በራሱ ሥራውን ከቀጠለ ይሆናል። ቀጭ የሚል ሜካኒካል ማብሪያ ያለው ቬንትሌተርና የጠረጴዛ መብራት ያልፋሉ። በንክኪ የሚታዘዝ ማይክሮዌቭ፣ ዲጂታል ቡና ማፍያ፣ አዳዲስ ልብስ ማጠቢያዎች ይወድቃሉ፤ ኃይል ቢመጣም ጣት ይጠብቃሉ።

ልብስ ማጠቢያን ግን ሌላ ጥቅም ላይ ማዋል ይቻላል። ፍጆታ የሚለካ ፕላግ ላይ ሰክተህ «ለአምስት ደቂቃ ያህል ከ5 ዋት በታች ከሆነ ስልኬ ላይ አሳውቀኝ» በለው። ደቂቃውን አትተወው፤ ማሽኑ መሀል ላይ እየዘፈዘፈ ቆም ስለሚል ሳይጨርስ «ጨረስኩ» ይልሃል። ስንት ዋትና ስንት ደቂቃ እንደሚሻል በራስህ ማሽን እያየህ አስተካክለው። ፕላጉ ግን የማሽኑን ዋት የሚችል ይሁን፤ ውሃ ሲያሞቅ 2000 ዋት አካባቢ የሚስብ አለ።

ጥያቄ፦ መብራቱን ደብዘዝ፣ ደመቅ ማድረግስ?

መልስ፦ ተራው ፕላግ ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው። ለዚያ ስማርት አምፖል ግዢ።

ጥያቄ፦ ራውተሬ ስለሚቆም ፕላግ ላይ ሰክቼ ከውጭ ሆኜ ሪስታርት ላደርገው አስቤአለሁ።

መልስ፦ ማጥፋቱ ይሳካልሃል። ከዚያ ፕላጉን የምታዝበት ዋይፋይ ራሱ ስለጠፋ «አብራ» የሚለው ትእዛዝ አይደርሰውም። ስቀህ ጨርስና እንዲህ አድርግ፦ ራሱ ፕላጉ ውስጥ የሚቀመጥ ጊዜ ቆጣሪ ያለውን ግዛ። «ከጠፋህ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ብራ» ብለህ አስቀምጥለት። ቆጠራው ፕላጉ ውስጥ እንጂ ክላውድ ላይ አለመሆኑን ቤት ሆነህ ፈትሽ፣ መንገድ ላይ ሆነህ አይደለም።

ጥያቄ፦ በፕላግ በኩል ሰው ቤቴ ኔትወርክ ውስጥ ሊገባ ይችላል?

መልስ፦ ማንኛውም ዋይፋይ ላይ ያለ ዕቃ በር ሊሆን ይችላል። ብዙ መጨነቅ ሳያስፈልግ ራውተሩ ላይ የእንግዳ ኔትወርክ ክፈቺና ፕላጎቹን እዚያ አስገቢ፤ ከኮምፒውተርሽ ይለያሉ። ለአፑ ሌላ ቦታ ያልተጠቀምሽበት የይለፍ ቃል ስጪው፣ አፕዴት ሲመጣ አትዝለዪው። ፕላጉን ለሌላ ሰው ከሰጠሽ መጀመሪያ ሪሴት አድርጊው።

ጥያቄ፦ አንድ ፕላግ ላይ ዲቫይደር ሰክቼ ብዙ ዕቃ ማሠራት እችላለሁ?

መልስ፦ ለቻርጀርና ለመብራት፣ አዎ። ድምሩ ከፕላጉ አቅም እንዳያልፍ ብቻ ደምረው። በአዳፕተር ላይ አዳፕተር፣ በዚያ ላይ ፕላግ፣ በዚያ ላይ ዲቫይደር ግን አታድርግ። ይላላል፣ ይሞቃል። ኧርዝ የሌለው አዳፕተር መሀል ከገባ ደግሞ ኧርዝ የሚፈልጉት ዕቃዎች ሁሉ መከላከያቸውን ያጣሉ።

ጥያቄ፦ ፕላጉ ወፍራም ስለሆነ ጎን ያለውን ሶኬት ሸፈነብኝ።

መልስ፦ ሲገዛ ወርዱን መለካት ነው፤ ትንንሾቹ ለጎረቤቱ ቦታ ይተዋሉ። አሁን ለያዝከው አጭር፣ ወፈር ያለ ሽቦ ያለው ማራዘሚያ መሀል አስገባ። አምፒሩ ግን ከፕላጉ አይነስ።